በባል ብዕር የተሣለች ሚስት፦ የቮርምሱ ኤልዓዛር የሐዘን ግጥም

እ.ኤ.አ. በ1196 ዓ.ም. በኅዳር ወር፣ በራይን ወንዝ ዳር በምትገኘው በቮርምስ ከተማ፣ ረቢ ኤልዓዛር ቤን ይሁዳ ከቤቱ ተቀምጦ የሳምንቱን የኦሪት ምንባብ ያብራራ ነበር። ምንባቡ ያዕቆብ በአባቱ አገር መቀመጡን የሚተርከው የዘፍጥረት ክፍል ነው። በዚህ መካከል ሁለት የታጠቁ ሰዎች ገብተው ሰይፋቸውን መዘዙ። ሚስቱን ዱልሲያን መቱ፤ የታላቂቱን ልጁን የቤሌትንና የታናሺቱን የሐናን ራስ ፈልጠው ገደሏቸው፤ ወንዱን ልጅ ያዕቆብን፣ ኤልዓዛርን ራሱንና ደቀ መዛሙርቱን አቈሰሉ። ዱልሲያ ግን ቆስላ ሳለች ከወደቀችበት ዘላ ተነሣች፤ ወደ ውጭ ሮጣ የድረሱልን ጩኸት አሰማች። ገዳዮቹ ተከትለዋት ወጡ፤ በዚያም ገደሏት። ኤልዓዛር በሩን ዘጋ። በውስጥ የቀሩት ርዳታ እስኪደርስላቸው ድረስ ይጮኹ ነበር። ሳምንት ያህል ቆይቶ ከገዳዮቹ አንዱ ተይዞ በሞት ተቀጣ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ሁሉ የሚታወቀው ከራሱ ከኤልዓዛር ብዕር ነው። ከመከራው በኋላ ሁለት ጽሑፎች ትቷል። አንደኛው ድርጊቱን እንደ ደረሰ የሚተርክ አጭር ዝርው ጽሑፍ ሲሆን፣ ሁለተኛው ሚስቱንና ሁለቱን ሴቶች ልጆቹን እያወደሰ የሚያለቅስ ግጥም ነው። ሀበርማን የተባለው ሊቅ በ1945 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም ባሳተመው፣ የጀርመንና የፈረንሳይ አይሁድ የደረሰባቸውን መከራ የሚተርኩ ጽሑፎች በተሰበሰቡበት መጽሐፍ ውስጥ ሁለቱም ይገኛሉ። ከ1980ዎቹ ጀምሮም በእንግሊዝኛ እየተተረጐሙ በመካከለኛው ዘመን የሴቶችን ኑሮ የሚያጠኑ ሁሉ የሚጠቅሷቸው ሆነዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ጥናቶች ግጥሙን እንደ መዝገብ ነው የሚያነቡት፤ ዱልሲያ ምን ትሠራ እንደ ነበረ ከውስጡ ለቅመው ካወጡ በኋላ ግጥሙን ራሱን እንደ ባዶ ገለባ ይተዉታል። ግጥም ግን መዝገብ አይደለም። የሚናገረውን ያህል የሚሸሽገው ነገር አለው፤ የሚሸሽግበትም መንገድ የኪነቱ አካል ነው።

ኤልዓዛር ተራ ሰው አልነበረም። በዘመኑ በራይን ምድር ከነበሩት የሕግ ሊቃውንትና የምሥጢር ትምህርት መምህራን አንዱ ነበር። የሕግ መጽሐፉን «ሮቄያሕ» ብሎ ሰይሞታል፤ ትርጓሜው ሽቱ ቀማሚ ማለት ሲሆን፣ የቃሉ ፊደላት በቍጥር ሲደመሩ 308 ይሆናሉ። የኤልዓዛር ስም ፊደላትም ድምር 308 ነው። እንዲህ ያለው ሰው ስንኝ ሲሰድር እያንዳንዷን ፊደል ቈጥሮ እንጂ እንዲያው ስሜቱ እንደ ወሰደው እንደማይጽፍ ግልጽ ነው። የዚህም ግጥም ጥንካሬና ድካም ሁለቱም ከዚህ ይመነጫሉ።

የግጥሙ መሠረት የመጽሐፈ ምሳሌ 31ኛ ምዕራፍ መጨረሻ ነው። ያ ክፍል በዕብራይስጥ በሃያ ሁለቱ ፊደላት ተራ የተደረደረ ነው፤ የመጀመሪያው ስንኝ በአሌፍ፣ ሁለተኛው በቤት፣ ሦስተኛው በጋሜል እያለ ይቀጥላል። መዝሙረ ዳዊት የደገመ ኢትዮጵያዊ አንባቢ ለዚህ ሥርዓት እንግዳ አይደለም፤ በ118ኛው መዝሙር በየክፍሉ አናት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚሉትን የዕብራይስጥ ፊደላት ስሞች እያየ ያደገ ነውና። ኤልዓዛር ይህን የታወቀ ቤት ተውሶ በውስጡ ሚስቱን አስገባባት። ስንኙ የሚጀምረው አድማጩ ከልጅነቱ ጀምሮ በቃሉ በሚያውቀው የመጽሐፍ ቃል ነው፤ የሚጨርሰው ግን በዱልሲያ ሥራ ነው።

ስለዚያ ምዕራፍ አንድ ነገር ሳይነገር ማለፍ አይገባም። በአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ የምትወደሰው ሴት «ልባም ሴት» ትባላለች። የዕብራይስጡ ቃል ግን «ሐይል» ነው፤ ከግእዙ ኀይል ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል። ልባምነት አስተዋይነት ነው፤ ኀይል ግን ጉልበትና ሀብት፣ ሠራዊትና ጀግንነት ጭምር ነው። በአማርኛ ቃል ብቻ የሚያነብ ሰው በአእምሮው የሚሥላት ሴት ዝምተኛና ጠንቃቃ እመቤት ልትሆን ትችላለች። ኤልዓዛር የሚያውቃት ሴት ግን ብርቱ ነበረች፤ ግጥሙም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጅና በእግር ሥራ የተሞላ ነው። በዚህ ግጥም ውስጥ ዱልሲያ ቁጭ ያለችበት ቦታ በጣም ጥቂት ነው።

ምን ትሠራ ነበር? በቤቷ ውስጥ ባሏና ልጆቿ ብቻ ሳይሆኑ የባሏ ደቀ መዛሙርትና መምህራን ጭምር ይኖሩ ነበር። በአገራችን የቆሎ ተማሪ አኵፋዳውን አንግቶ ከደጅ ደጅ በልመና እየኖረ ይማር እንደ ነበረ ይታወቃል፤ የቮርምሱ ተማሪ ግን ከአንዲት ሴት ማዕድ ይበላ ነበር። ወተቱን የምትገዛ፣ ምግቡን የምታበስል፣ የተቀደደ ልብሱን የምትጥፍ፣ አልፎም ከድካሟ ዋጋ መምህር የምትቀጥርለት እሷ ነበረች። ገንዘቡን የምታገኘው በማበደር ነው። በፊውዳሉ ሥርዓት ውስጥ አይሁድ መሬት ከመያዝም ሆነ በእጅ ሥራ ማኅበራት ከመግባት ቀስ በቀስ እየተገፉ ሲሄዱ የተከፈተላቸው በር የአራጣ ብድር ነበር። በዚህ ንግድ ሴቶች እንደ ወንዶች ይሳተፉ ነበር፤ ዱልሲያም ጎረቤቶች ያመኗትን ገንዘብ በአንድነት ይዛ እያበደረች ከትርፉ ቤቱንም ትምህርት ቤቱንም ታስተዳድር ነበር። ኤልዓዛር ቀንም ሌሊትም ከመጽሐፍ ሳይለይ የኖረው በዚህ ገንዘብ ነው። ይህንንም አልካደም። ሚስቱን በባሕር ከሚመላለስ የነጋዴ መርከብ ጋር የሚያስተያየውን የምሳሌውን ቃል ሲያነሣ፣ መርከቡ ጭነቱን የሚያራግፈው ባል በትምህርት እንዲጠመድ መሆኑን ራሱ ይናገራል።

የግጥሙ ጥበብ የሚታየው እዚህ ነው። በመጽሐፈ ምሳሌ ያለችው ሴት እንዝርት የምትጨብጠው ቤተ ሰቧን ለማልበስ ነው። የዱልሲያ እንዝርት ግን የሚፈትለው መጻሕፍት የሚጠረዙበትን ክር፣ በክንድና በግንባር የሚታሰሩት የጸሎት ክታቦች የሚሰፉበትን ጅማት ነው። በምሳሌው የሴቲቱ መብራት በሌሊት የማይጠፋው ሥራዋ ስለማይቋረጥ ነው፤ በኤልዓዛር ዘንድ መብራቱ ወደ ምኵራብ ተወስዶ ዱልሲያ ለጸሎት ቤትና ለትምህርት ቤት የምታዘጋጀው የመብራት ክር ይሆናል። በምሳሌው ሴቲቱ ወገቧን በብርታት ትታጠቃለች፤ እዚህ ብርታቱ በቍጥር ይገለጣል፤ አርባ ያህል የኦሪት ጥቅሎችን ሰፍታለች። እንዲህ እያለ የጥንቱ የገበሬ ቤት እመቤት ሳትታወቅ የአንድ ትምህርት ቤት ምሰሶ ትሆናለች። አድማጩ የሚጠብቀው የተለመደ ቃል ሲመጣ በቃሉ ፋንታ ጅማት፣ ወተት፣ የመብራት ክር፣ የሟች መግነዝ ያገኛል። ግጥሙ ከፍ የሚለው በእነዚህ ቍሳቍሶች ነው። ደግ፣ ትሑት፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያላት የሚሉት ቃላት በመቃብር ድንጋይ ሁሉ ላይ ይገኛሉና ለዱልሲያ ለይተው የሚሰጧት ነገር የለም። አርባው ጥቅል ግን የእሷ ብቻ ነው።

በዚህ አርባ ጥቅል ላይ ትንሽ መቈየት ያስፈልጋል። የኦሪት ጥቅል በብራና ላይ ተጽፎ ገጾቹ በጅማት እየተሰፉ የሚያያዙ ነው። በታልሙድ ሕግ ሴት የጻፈችው ጥቅል ለምኵራብ ንባብ አይበቃም። ስለዚህ ዱልሲያ ፊደሎቹን መጻፍ አይፈቀድላትም፤ እጇ የሚገባው በገጽና በገጽ መካከል ባለው ስፌት ብቻ ነበር። ያለ ስፌቱ ግን ጥቅሉ ጥቅል አይሆንም። ኤልዓዛር ይህን ሲጽፍ የሚያስበው ምስጋና ብቻ ይሆናል፤ ዛሬ የሚያነብ ሰው ግን በዚያ ዘመን ለነበረችው የተማረች አይሁዳዊት ሴት ከዚህ የተሻለ ምስል ማግኘት አይችልም።

እውነት ዱልሲያ የተማረች ነበረችን? ነገሩ ቀላል አይደለም። በሚሽና ውስጥ ሁለት ሊቃውንት በዚህ ጉዳይ ይከራከራሉ፤ ቤን ዓዛይ አባት ሴት ልጁን ኦሪት ማስተማር አለበት ሲል፣ ረቢ ኤሊዔዘር ግን (ይህ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ቀድሞ የኖረ ሌላ ሊቅ ነው) ሴት ልጁን ኦሪት ያስተማረ ብልግናን እንዳስተማራት ይቈጠራል ብሎ ይቃወመዋል። በኋለኛው ዘመን ያመዘነው ይኸኛው ቃል ነው። ይሁን እንጂ ኑሮ ሁልጊዜ በሕግ መጽሐፍ ልክ አይሰፋም። ሰንበትን የምትጠብቀው፣ የምግብን ንጽሕና የምትቈጣጠረው፣ የራሷን የመንጻት ወራት የምትቈጥረው ሴት ሆና ሳለች ሕጉን ካላወቀች ቤቱ በሙሉ በስሕተት ይወድቃል። ስለዚህ የኤልዓዛር መምህር ከሆነው ከይሁዳ ሐሲድ ክበብ የወጣው «መጽሐፈ ሐሲዲም» አባት ለሴቶች ልጆቹ የሚፈጸሙትን ትእዛዛት እንዲያስተምራቸው ያዛል። ጥልቁ የታልሙድ ክርክር ግን ለእነሱ ክልክል ነው። በፈረንሳይ የታላቁ የራሺ ሴቶች ልጆች እንደ ወንዶች የጸሎት ክታብ ያስሩ ነበር የሚል ወሬ አለ፤ ደስ የሚል ወሬ ቢሆንም በዘመኑ ጽሑፎች ምስክር የለውም።

ግጥሙ ዱልሲያ የተፈቀደውንና የተከለከለውን ታውቅ እንደ ነበረ ይናገራል። ጸሎቶቹን በቃሏ ታውቅ ነበር፤ በየከተማው እየሄደች ሴቶችን ታስተምር፣ ዜማ ታሰማ ነበር፤ በማስተስረያ ቀን ሙሉውን ቀን ቆማ ትዘምር ነበር። ሙሽሮችን ታስጌጣለች፣ ሬሳ ታጥባለች፣ መግነዝ ትሰፋለች። ይህ በአንድ ሴት ላይ የተሰበሰበ የአንድ ማኅበር ሙሉ የሥልጣን ወንበር ነው፤ ስም ግን አልወጣለትም። ወንድ ቢሆን ኖሮ መምህር፣ የዜማ መሪ፣ የመቃብር ማኅበር አለቃ ይባል ነበር። ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ግጥሙ መለስ ይልና በሰንበት ተቀምጣ የባሏን ስብከት ታዳምጥ እንደ ነበረ፣ ፈቃዱን በደስታ ትፈጽም እንደ ነበረና አንድም ቀን እንዳላስቈጣችው ይጨምራል። ተቀምጣ የምትታይበት ከጥቂቶቹ ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

የግጥሙ ድካም ከእነዚህ ስንኞች ላይ ይታያል። አንድም ቀን ያላስቈጣች ሚስት በምስጋና ጽሑፍ እንጂ በቤት ውስጥ አትገኝም። ገንዘብ የምታበድር፣ ከባለዕዳ ጋር የምትነጋገር፣ ከከተማ ወደ ከተማ የምትመላለስ፣ አንድ ቤት ሙሉ ተማሪ የምትቀልብ ሴት በምን ጊዜ ተናደደች? ወጪው ሲበዛ፣ እንግዳው ሲደራረብ ምን አለች? ግጥሙ ስለ ሥራዋ ብዙ ሲነግር አንድም ቃል ከአፏ አያሰማም። የተውኔት ሰው ይህን ጽሑፍ ቢያነብ መጀመሪያ የሚያስተውለው፣ ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ምንም የምትናገረው እንደሌላት ነው። ቃል የሚወጣት በዝርው ጽሑፉ ውስጥ በሯን ከፍታ በሮጠች ጊዜ፣ እየገደሉን ነው ብላ ስትጮኽ ብቻ ነው።

ለማነጻጸር ያህል ከዚህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ቀድሞ በእስፓኝ ወደ ነበረችው ሴት ዞር ማለት ይጠቅማል። ዱናሽ ቤን ላብራጥ የዐረቡን የግጥም ምጣኔ ወደ ዕብራይስጥ ያገባ ዝነኛ ባለቅኔ ነው። በካይሮ ከሚገኘው የቤን ዕዝራ ምኵራብ ማከማቻ፣ «ጌኒዛ» ከሚባለው፣ ከወጡት ቍርጥራጭ ጽሑፎች መካከል ባልና ሚስት ሲለያዩ የሚያሳይ አንድ አጭር ግጥም ተገኘ። ግጥሙ የዱናሽ ነው ሲባል ቆየ። ሌላ ቍራጭ ከተገኘ በኋላ ግን ዕዝራ ፍላይሸር በ1984 ዓ.ም. የጻፈችው የዱናሽ ሚስት መሆኗን አስታወቀ። ስሟ አልተመዘገበም፤ የምትጠራው በባሏ ነው። በግጥሙ ውስጥ ባል ሊሰደድ ነው፤ ሚስት ልጇን በክንዷ ታቅፋለች፤ እሱ የጣቱን ቀለበት ይሰጣታል፤ እሷ አምባሯን በክንዱ ላይ ታጠልቅለታለች፤ ልብስም ይለዋወጣሉ። በዚህ በጥቂት ስንኞች የተሠራ ነገር ውስጥ ምስጋና የለም፤ ምሬትም በግልጽ አልተነገረም። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ጌጥ አድርገው ይለያያሉ፣ በቃ። ስለ ጋብቻ ከተነገረው ከኤልዓዛር ረጅም ግጥም ይልቅ ይህ ይበልጣል ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምክንያቱም እዚህ የምትናገረው እሷ ናት፤ ባልም ሚስትም በሙሉ አካላቸው ይታያሉ። የተማረች ሴት ግጥም መጻፍ የምትችል መሆኗ ሳይታሰብ ሥራዋ ለባሏ መሰጠቱ ግን ስለ ሊቃውንቱ ብዙ ይናገራል።

ዱልሲያ በቮርምስ በምትኖርበት በዚያው ዘመን በግብፅ አንዲት ሌላ አስተማሪ ነበረች። ጉዳይዋ ለሙሴ ማይሞኒደስ ቀርቦ መልሱ በጽሑፍ ተቀምጧል። ሴቲቱ ገና በልጅነቷ ተዳረች፤ ባሏ እሷንና ልጆቹን ትቶ በሄደበት ጊዜ መጽሐፍ ታውቅ ስለ ነበር ከወንድሟ ጋር ሆና ለሕፃናት የኦሪት ትምህርት ቤት ከፈተች፤ ራሷንም ልጆቿንም በዚያ አኖረች። ባል ተመልሶ መጣና ሚስቴ ማስተማሯ ክብሬን ይነካል፣ የተማሪዎቹ አባቶች ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ትተው አለ፤ ወይም ሌላ ሚስት ላግባ አለ። ማይሞኒደስ ሕጉን ሲመረምር ባል ሚስቱን ከማስተማር መከልከል እንደሚችል አገኘ። ይሁን እንጂ መልሱ በዚህ አላበቃም፤ ሴቲቱ ባሏን እንደማትፈልገው ብትገልጥና በጋብቻ ውሏ የሚገባትን ገንዘብ ብትተው ፍቺ ታገኛለች፤ ከዚያ በኋላ ራሷን ችላ የፈቀደችውን ታስተምራለች ሲል መንገዱን አሳየ። እዚህ ክርክር አለ፤ ዋጋም አለ። ትምህርትና ትዳር ሲጋጩ ገንዘቡን የምትከፍለው ማን እንደሆነች ተጽፏል። በቮርምስ ያለው ግጥም ግን ትምህርትና ትዳር አንድም ቀን እንዳልተጋጩ አድርጎ ያቀርባል። ምናልባት በዱልሲያ ቤት በእርግጥ አልተጋጩ ይሆናል፤ ማስተማሯ ከባሏ ትምህርት ጎን ለጎን የሚሄድ፣ ገንዘቧም ለእሱ መጻሕፍት የሚውል ነበርና። የግብፃዊቱ ትምህርት ግን የራሷ እንጀራ ነበር።

እንዲህ ሲባል ግን ኤልዓዛርን በዛሬው ሚዛን ብቻ መመዘን ይሆናል፤ ግጥሙን በሐዘን የተሰበረ ሰው መጻፉም መዘንጋት የለበትም። በአገራችን ሙሾ የሚወርደው ብዙውን ጊዜ በሴት አፍ ነው፤ አልቃሿ የሟቹን ግዳይና ደግነት፣ ቤቱንና ዘሩን እያነሣች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። እዚህ የሚያለቅሰው ወንድ፣ የሚለቀስላት ሴት ናት፤ የሚዘረዘረው ግዳይም ስፌት፣ ወተትና የመብራት ክር ነው። በዚያ ዘመን ስለ ሚስቱ የዕለት ሥራ እንዲህ በዝርዝር የጻፈ ሊቅ በጣም ጥቂት ነው። ከእሱ ብዕር ባይወጣ ኖሮ ከዱልሲያ አርባ ጥቅሎች የአንዱ እንኳ ወሬ አይደርሰንም ነበር።

ግጥሙ ከምሳሌው ቤት ወጥቶ ወደ ሁለቱ ልጆች ሲሻገር ደግሞ ድምፁ ፈጽሞ ይለወጣል። ለሚስቱ የተውሶ ቤት ነበረው፤ ለልጆቹ ግን የሚዋሰው አልነበረም። ቤሌት የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። ጸሎቱንና ዜማውን ሁሉ ከእናቷ ተምራለች። ማታ ማታ የአባቷን አልጋ ታነጥፋለች፤ ጫማውንም ታወልቅለታለች። ሐና ስድስት ዓመቷ ነበር። በየቀኑ የ«ሼማ»ን የመጀመሪያ ክፍል ትደግም ነበር፤ መፍተል፣ መስፋትና መጥለፍ ታውቅ ነበር፤ አባቷንም እየዘፈነች ታጫውተው ነበር። ይኸው ነው። ከፊደል ተራ የወጣው፣ ከመጽሐፍ ቃል የተለየው፣ በዚህ ዓለም ከዚያ ቤት በቀር በየትም የማይገኘው ነገር እዚህ ነው ያለው። ፊደል ቈጣሪው ሊቅ ጫማውን የምታወልቅለትን ልጅ ያስታውሳል። ሐዘኑን ይበልጥ የሚያሰማው ከሃያ ሁለቱ ፊደላት ይልቅ ይህ ጫማ ነው።

በዚሁ ክፍል ሳይታሰብ የተነገረ ሌላም ነገር አለ። የሴቶች ትምህርት እንዴት ይተላለፍ እንደ ነበረ ግልጽ ሆኖ የሚታየው እዚህ ነው። ትምህርት ቤት የላቸውም፤ መጽሐፍም በስማቸው አልተጻፈም። የስድስት ዓመቷ ልጅ ጸሎቱን ትደግማለች፤ የዐሥራ ሦስት ዓመቷ ዜማውን ከእናቷ ወስዳለች፤ እናት በየከተማው ሴቶችን ታስተምራለች። ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከእንዝርት ወደ መርፌ የሚሄድ ትምህርት ነው። እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት የሚፈርሰው መጽሐፉ ሲቃጠል አይደለም፤ በአንድ ቀን እናትና ሁለት ሴቶች ልጆች ሲገደሉ ነው። በቮርምስ የሆነው ይህ ነው።

አሁን ወደ በሩ መመለስ ያስፈልጋል። በዝርው ጽሑፉ ውስጥ የነገሩ አከራረር አያሻማም። ዱልሲያ ወጣች፤ ገዳዮቹ ወጡ፤ በሩ ተዘጋ። ሆን ብላ ገዳዮቹን ወደ ራሷ ለመሳብ ወጣች ወይስ ርዳታ ፍለጋ ብቻ ሮጠች፣ ጽሑፉ አይፈርድም። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ከውስጥ የቀሩት በዚያ በር ተረፉ፤ ግጥሙን የጻፈውም ሰው ከተረፉት አንዱ ነው። ኤልዓዛር በዝርው ጽሑፉ ይህን ሳይሸፍን ጽፎታል። በሩን የዘጋው እሱ መሆኑንም አልደበቀም። በግጥሙ ግን በሩ የለም። እንዝርቱ አለ፣ መብራቱ አለ፣ ጥቅሎቹ አሉ፤ የመጨረሻው ሩጫ የለም። እግሮቿ በሽተኞችን ለመጠየቅና ትእዛዝ ለመፈጸም መሮጣቸው ይወሳል፤ ለመጨረሻ ጊዜ ወዴት እንደ ሮጡ ግን አይነገርም።

ይህ ዝምታ ከምን መጣ? የምሳሌው ቤት ለዚህ ክፍል ስላልነበረው ይሆናል፤ በመጽሐፈ ምሳሌ 31ኛ ምዕራፍ የምትወደሰው ሴት አትሞትም፣ በደጅም አትገደልም። የባለ ግጥሙ እጅ እዚያ ሲደርስ ስለ ራደ ሊሆንም ይችላል። ሦስተኛ ምክንያት ግን ከሁለቱ ይልቅ ሚዛን ይደፋል። ሚስትን በታወቀ ቃል ማወደስ ይቻላል፤ ለታወቀው ቃል የማይመች ሥራ ስትሠራ ግን ወንዱ ሊቅ ቃል ያጣል። ባሏን የምትቀልብና የምታለብስ ሴት በምሳሌው አለች። ባሏን ከሞት ያዳነች ሴት የለችም፤ ለእሷ አዲስ ስንኝ መፍጠር ያስፈልግ ነበር። ኤልዓዛር ያንን ስንኝ አልፈጠረም። የጻፈው በዝርው ነው፤ ያም ዝርው ከግጥሙ ይልቅ የታመነ ሆኖ ይነበባል። ወደ አማርኛ የሚመልሳቸው ሰው ቢገኝ ሁለቱን ሳይነጣጥል አንድ ላይ ማቅረብ ይገባዋል፤ አንዱ ብቻ ቢተረጐም ዱልሲያ ግማሽ ሆና ትቀራለች።

ዱልሲያ ከሞተች ከዐሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1212 እና በ1213 ዓ.ም. መካከል፣ በቮርምስ ከወንዶቹ ምኵራብ ጎን ለሴቶች የጸሎት ቤት ተሠራ። ሕንፃው በ1938 ዓ.ም. በናዚዎች ከጠፋ በኋላ በ1961 ዓ.ም. እንደገና ቆሟል፤ በ2021 ዓ.ም. ከከተማው የአይሁድ መቃብር ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከመቃብሩ ድንጋዮች መካከል አንዱ በ1275 ዓ.ም. ለሞተችው ለኡራኒያ የቆመ ነው። ጽሑፉ የምኵራቡ የዜማ መሪዎች አለቃ የነበረው የአብርሃም ልጅ መሆኗን ይናገራል፤ እሷም በጣፋጭ ዜማ ለሴቶች መዝሙር ትመራላቸው እንደ ነበረ ይጨምራል።